ቃል በመጋጠሚያው ሲገነጠል

እኔ ረጅም ቃል አልፈራም። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ እርግጥ ትንሽ ለጉራም ነው። ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ክኒኔን ልገዛ መድኃኒት ቤት ብገባ፣ የምትሸጠው ልጅ አዲስ ናት መሰለኝ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ታነባለች፣ ትሰናከላለች፣ እንደገና ትጀምራለች። እኔም መነጽሬን አስተካከልኩና «ሃይድሮ፣ ክሎሮ፣ ታያዛይድ» ብዬ ለያይቼ ሰጠኋት። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና ፋርማሲስት ነበሩ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ሰሃን አጣቢ ነበርኩ አልኳት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እውነቱን ለማስረዳት ቢያንስ አንድ ወንበር ያስፈልገኝ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ወንበር የለም።

እናንተ ግን ተቀምጣችኋል አይደል? እንግዲያው ስሙኝ።

ለላስታ ሰው ቃል መክፈል ብርቅ አይደለም። የከተማችን የላሊበላ ስም ራሱ የሚፈታው ተከፍሎ ነው። «ላል» በአገውኛ ማር ነው ይላሉ አባቶች፣ «በላ» ያው በላ ነው፣ የንቦቹንም ታሪክ ታውቁታላችሁና አልደግመውም። በዚያ ላይ ደግሞ እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ይኄይስ በግቢያችን ቅኔ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ አጥሩ ሥር ተደርድረው ግስ ሲያወርዱ እኔ ጓዳ ውስጥ ሽሮ እነፋለሁ። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት አትቀመጥም ይባል ነበር፤ ጆሮዋን ግን ማን ያስወጣል?

አባቴ አንድ ቃል ይሰጥና ፍቱት ይላል። ከፊት የተለጠፈውን ባዕድ ፊደል አውጡ፣ ከኋላ የተንጠለጠለውን አውርዱ፣ መሐል የቀረው ዘሩ ነው፣ ዘሩን ያዙ። አንድ ቀን «ይምርሐነ ክርስቶስ» የሚለውን ስም ሰጣቸው። በእግር ግማሽ ቀን ሄደን የምንሳለመው ደብር ነው፣ ስሙን ግን ማናችንም ከፍለነው አናውቅም። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ወንፊቱን እንደያዝኩ ከጓዳ ጮኼ መለስኩ። «ይ» ለሩቅ ሰው ነው፣ መሐሉ መርሐ ነው፣ መራ ማለት፣ «ነ» ደግሞ እኛን ነው፤ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው አልኩ። መቼም ዱላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ ጓዳው ካወቀ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የምትደነቁሩት አላቸው። ያን ቀን እንደነፋሁት ያለ የደቀቀ ሽሮ ነፍቼ አላውቅም።

ከዚያ ደርግ መጣ። የደብሩ መሬት ተወረሰ፣ የቅኔ ተማሪውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ፣ አባቴ ከመጻሕፍቱ ጋር ብቻውን ቀረ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነበርና በመንግሥት ሆቴሉ ሰሃን አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቤታችን የሚገባው በወር አንዴ እኔ ይዤው የምመጣው ብቻ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ሥራዬ ቢሄድ የሚራበው ማን እንደሆነ እንድታውቁ ነው።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጓድ ተካልኝ ይባላል፣ የደሴ ልጅ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሽታው ረጅም ቃል ነበር። ሽንኩርት አልቋል ብላችሁ ብትነግሩት፣ ይህን ጉዳይ ከኦብጀክቲቭ ሁኔታው አንፃር ማየት ይኖርብናል ይላችኋል። ሽንኩርቱ ግን አይመጣም።

በዚያ ወራት አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ ወደ እኛ መጣች። ስሟ ኤለን ነው፣ እኛ እሜቴ ኤለን እንላታለን። የመጣችው የአብያተ ክርስቲያናቱን መስኮት በእርሳስ ልትስል ነው። ለዚያም ከነፈቃድ ወረቀቷ በበቅሎ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደች። ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ከበቅሎዋ ወርጄ ልሂድ አለች፣ ወረደች፣ እግሯም ወለም አለ። ወጌሻ ተጠርቶ አሸላት። ለሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳትወርድ ተባለች። ምግቧን የሚያመላልስ ሰው ሲፈለግ ሁሉም እንግሊዝኛ አልችልም እያለ ሸሸ። እኔም አልችልም፤ ግን አልሸሸሁም።

መጀመሪያ ቀን ሾርባውን አስቀምጬላት ልወጣ ስል፣ የሄደችበትን ደብር ስም ትርጉም ታውቂዋለሽ ወይ ብላ በሰባራ አማርኛዋ ጠየቀችኝ። እኔን። የመሪጌታን ልጅ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከፋፍዬ ነገርኳት። ሴትዮዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣችና እኛም እኮ እንደዚህ እናደርጋለን አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ግዕዝ እከፍልላታለሁ፣ እሷ እንግሊዝኛ ትከፍልልኛለች።

መጀመሪያ ቃሉን በድምፁ ቁረጪ ትለኛለች፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። እዚህ ላይ ተጣላን። ፊደላችን ራሱ ቃልን ቆራርጦ አይደል የሚጽፈው? እሷ «ስትሬንግዝ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ አጨብጭባ ጨረሰችው። እኔ ስድስት ጊዜ አጨበጨብኩ። አንድ ነው ትላለች፣ ስድስት ነው እላለሁ። ስ፣ ት፣ ሬ፣ ን፣ ግ፣ ዝ ብዬ በወረቀቷ ላይ ጻፍኩላት። ቆጠረች። ስድስት ሆነባት። ትርጉሙ ምንድን ነው ብላት ጉልበት ነው አለችኝ፤ ለዚህ ነዋ ያደከመኝ አልኳት።

ዋናው ግኝት የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። «ኢንዲፔንደንት» የሚል ቃል ሰጠችኝ። «ዲፔንድ» መደገፍ ነው፣ ሌላ ላይ መንጠልጠል፤ ፊቱ ላይ «ኢን» ሲገባ ያፈርሰዋል፣ የማይደገፍ ይሆናል አለችኝ። ትሪውን ጥዬ ተነሣሁ። በግዕዝ እኮ «ኢ» ማለት አይደለም ማለት ነው፣ አፍራሽ ነው፣ ከፊት ገብቶ ቃሉን ይገለብጠዋል። እንግሊዝኛ የሚሉት ነገር ለካ ዘመዳችን ኖሯል። ማታ ለአባቴ በሩጫ ነገርኩት። አባቴ መጽሐፉን ሳያጥፍ፣ ከእኛ ወስደውት ይሆናል አለና ማንበቡን ቀጠለ።

አሁን እንዲህ ያለ እውቀት ተገኝቶ ለብቻ ይበላል? ለወጥ ቤቱ ሁሉ አስተማርኩ። «ኢን» ስታዩ አይደለም በሉ አልኳቸው። የመጀመሪያ ተማሪዬ ዋናዋ ወጥ ሠሪ እትዬ ጥሩ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የተማሩትን ኪሳቸው ከትተው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም።

የቁርሱን ነገር ልንገራችሁ። ሁዳዴ ገብቷል። እትዬ ጥሩ ሲጠብሱ የኖሩት የፈረንጅ ቁርስ በምግብ ዝርዝሩ ላይ «ብሬክፋስት» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቼ ከፈልኩላቸው። «ብሬክ» ሰበረ ነው፣ «ፋስት» ጾም ነው አልኳቸው። እትዬ ጥሩ ጭልፋውን አስቀመጡ። ሽርጣቸውን ፈቱ።

«እኔ በቤተ ማርያም ጥላ ሥር ተወልጄ፣ በሁዳዴ ጾም ማስገደፊያ እጠብሳለሁ? በይ ደኅና እደሪ፤ እንቁላሉን ራስሽ ጥበሺ» አሉኝ።

በማግስቱ ሁለት እንግዶች ሻይና ደረቅ ዳቦ ቀረበላቸው። ጓድ ተካልኝ ሁኔታውን ከሁሉም አንፃር አየው፣ እንቁላሉ ግን አልተጠበሰም። ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝና ወደ አባቴ ሮጥኩ። አባቴ አሰበና፣ ፈረንጆቹ ሌሊት ሲበሉ ነበር ወይ አለኝ። ተኝተው ነበር አልኩት። እንግዲያማ ሌሊቱን ጾመዋል፣ የጾመ ሰው ሰዓቱ ደርሶ ቢፈታ መግደፍ አይባልም፣ ለእነሱ ሰዓታቸው እሱ ነው፣ ፍርዱም የእነሱ ነው፣ የጥብስ ኃጢአት የለበትም አለ። እትዬ ጥሩ ይህን ሲሰሙ ተመለሱ፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ ያለው ቃል በወረቀት ይሸፈንልኝ አሉ። እስከ ፋሲካ ድረስ ተሸፍኖ ከረመ።

እኔም ብሆን ሁሌ አይቀናኝም። «ማኔጅመንት» የሚለውን ብቻዬን ከፍዬ፣ «ማን» ሰው፣ «ኤጅ» ዕድሜ፣ ስለዚህ የሰው ዕድሜ የሚበላ ማለት ነው ብዬ ለእሜቴ ኤለን አቀረብኩላት። እግሯን እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ እዚያ ጋ አይቆረጥም አለችኝ፣ ቃል መጋጠሚያ አለው፣ ቢላዋው መግባት ያለበት እዚያ ብቻ ነው። ይህስ ገባኝ። ዶሮ እንደ መገንጠል ነው አልኳት። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት የሚወጣት መጋጠሚያዋን እየፈለጉ በስሱ ሲያስገቡ ነው፤ ዝም ብሎ የሚከተክት አጥንት ይሰብራል፣ ወጡም ስባሪ ይሆናል። ሴትዮዋ ይህን ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

መጋጠሚያ መሳት ደግሞ በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። በየሳምንቱ ረቡዕ የውይይት ክበብ አለ፤ መፈክር ይነበባል፣ ይብራራል። አንድ ረቡዕ ጓድ ተካልኝ «ኢንተርናሽናሊዝም ይለምልም» ብሎ እጁን ሲያነሣ፣ እትዬ ጥሩም እጃቸውን አነሡ። ለጭብጨባ መስሎን ነበር። «ኢን» ማለት አይደለም ማለት ከሆነ፣ ታዲያ ይለምልም የምንለው ምን ያልሆነውን ነገር ነው ብለው ጠየቁ። የክፍሉ አየር ጠፋ። ጓድ ተካልኝ ላብ በላብ ሆነ፤ መልስ ፍለጋ ጣሪያውን አየ፣ ጣሪያው ላይም የለም። ተነሥቼ፣ እዚህ ጋ መጋጠሚያው ከ«ኢንተር» ቀጥሎ ነው፣ «ኢንተር» መካከል ነው፣ «ኔሽን» አገር ነው፣ በአገሮች መካከል ማለት ነው፣ እትዬ ጥሩ ቢላዋውን ቀደም አድርገው አስገብተውት ነው አልኩ። ሁሉም ተነፈሰ።

ጓድ ተካልኝ ከስብሰባው በኋላ ጠርቶ አመሰገነኝ። ዘዴሽን አስጽፊኝ ብሎ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። አስጻፍኩት። አንደኛ፣ «ኢን» ከፊት ሲገባ ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ «ኢንተር» ከሆነ አይንኩት። ይኸው ነው አልኩት። ኮራሁ። ሦስተኛ ነገር መጨመር ይገባኝ እንደነበር ያኔ አላወቅሁም።

እሜቴ ኤለን እግሯ ሲሻላት ስዕሏን ጠቅልላ ሄደች። ክረምቱ አለፈ። ከመስቀል በኋላ ከበላይ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ፖስታ መጣ። ጓድ ተካልኝ ቢሮው አስጠራኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ተቀመጪ አለኝ፤ ሰሃን አጣቢ ተቀመጪ ከተባለች ነገር አለ ማለት ነው።

ደብዳቤው የእሜቴ ኤለን ነው። ለበላይ ጽፋ፣ የበላዩ ወደ እኛ መርቶታል። ሁለት መስመር ብቻ ናት። ጓድ ተካልኝ ማስታወሻ ደብተሩን አጠገቡ ዘርግቶ ተረጎመልኝ። በቆይታዬ ጊዜ የዝናሽ እርዳታ ዋጋ ቢስ ነበር፣ ይህንንም መቼም አልረሳውም፣ ይላል አለኝ። ዝናሽ እኔው ነኝ። ዋጋ ቢስ የሚለው የት ጋ ነው ብዬ ጠየቅሁ። በጣቱ አሳየኝ፤ «ኢንቫሉዌብል» ይላል። «ቫሉዌብል» ዋጋ ያለው ነው፣ ይህን መዝገበ ቃላት ሳላይም አውቀዋለሁ አለ፣ «ኢን» ደግሞ አንቺው እንዳስጻፍሽኝ ያፈርሳል። ደብተሩን አዙሮ የራሴን ሕግ አሳየኝ። አንደኛ። ከሥሩ ተሰምሮበታል።

ከደብዳቤው ግርጌ የበላዩ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ለአስፈላጊው እርምጃ» ብሎ ጽፏል። ዛሬ ይህ ምንም አይመስላችሁም። በዚያ ዘመን ግን «እርምጃ» የሚለውን ቃል ከፋፍሎ ምን እንደሚወጣው ለማየት የሚደፍር ሰው አልነበረም። ጓድ ተካልኝም አዘነልኝ መሰለኝ፣ ዓርብ ከሰዓት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፣ ጥፋትሽን አምነሽ ብትቀርቢ ከሥራ መሰናበት ብቻ ሊሆን ይችላል አለኝ። ብቻ።

ወደ ቤት እያለቀስኩ ሄድኩ። ያንን ሁሉ ሾርባ ተሸክሜ፣ ያንን እግር በሞቀ ውኃ እየዘፈዘፍኩ፣ ዋጋ ቢስ? ሌላው ቢቀር ሾርባው ዋጋ የለውም? በሴትዮዋ አዝኜባታለሁ፣ በራሴ ደግሞ አፍሬአለሁ፤ የታረድኩት ራሴ ስዬ በሰጠሁት ቢላዋ ነውና። አባቴ እንባዬን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ነገርኩት። ሥራዬ እንደሚሄድ ነገርኩት። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ቃሉን ድገሚልኝ አለ። ደገምኩለት።

«ባዕዱን ነቅለሻል፣ ደግ። ከኋላ የተንጠለጠለውንስ ምን አደረግሽው?»

አልነካሁትም አልኩት። አባቴ ተቆጣ። ለመሆኑ እኔ ያስተማርኩሽ እንዲህ ነው አለኝ፤ ቃል ፊት ብቻ አለው? ከዚያ «ኢይትኌለቍ» የሚል የግዕዝ ቃል ሰጠኝ። ከልጅነቴ የማውቀው ቃል ነው። ይህ ቁጥር የጠፋበት ባዶ ነገር ማለት ነው ወይስ ቆጣሪ የሚያቅተው ብሎ ጠየቀኝ። ቆጣሪ የሚያቅተው ነው አልኩ። በይ እንግዲህ ሂጂና ጅራቱን ፈልጊ አለኝና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ።

ሁለት ቀን ያን ጅራት ስፈልግ ዋልኩ። ሐሙስ ከሰዓት የጠረጴዛ ልብስ ሳጥብ ዳሩ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አየኋት። «ዎሸብል» ትላለች። እሜቴ ኤለን ድሮ ከፍላልኛለች፤ «ዎሽ» መታጠብ ነው፣ «ኤብል» መቻል ነው፣ ሊታጠብ የሚችል ማለት ነው። እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። «ቫሉዌብል» ውስጥም «ኤብል» አለ። ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር ጆሮ አይለየውም እንጂ አለ። ቃሉ ሁለት ብልት አልነበረም፣ ሦስት ነበር። ብቻዬን ሳቅሁ፤ እትዬ ጥሩ ሳሙናው ራሷ ላይ ወጣ ብለው አማተቡ።

ዓርብ ደረሰ። የምግብ አዳራሹ ወንበር ግጥም ብሏል፤ ዘበኛው ሳይቀር ገብቷል። ጓድ ተካልኝ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አነበበ፣ በአማርኛ ተረጎመ፣ ቀዩን ጽሑፍ አሳየ። አልረሳውም የሚለው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አማርኛ ያውቃሉ እንግዲህ፤ ይህን አልረሳልህም የተባለ ሰው በጎ ነገር ጠብቆ አያውቅም። ከዚያ ግለ ሂስሽን አድርጊ ተባልኩ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ጥፋት አለብኝ ብዬ ጀመርኩ። ጥፋቴ ለጓድ ሥራ አስኪያጅ ሁለት ሕግ ብቻ አስጽፌ ሦስተኛውን መዝለሌ ነው፣ ሦስተኛው ጅራቱን ተመልከት የሚል ነው አልኩ። ቃሉን እንደ ዶሮ ገነጠልኩላቸው። «ኢን» አይደለም፣ «ቫልዩ» ዋጋ፣ «ኤብል» መቻል። ዋጋው ሊተመን የማይችል ማለት ነው አልኩ፣ ዋጋ የሌለው አይደለም፣ ዋጋ ተማኝ የሚያቅተው ነው።

ጓድ ተካልኝ ራሱን ነቀነቀ። ያው ነው እኮ አለ፣ ዋጋ ካልተተመነለት ዋጋ የለውም፣ ሎጂኩ ግልጽ ነው። አንዳንዶች በእሱ ወገን አጉረመረሙ። ሥራዬ ከእጄ ሲሾልክ ታየኝ፣ አባቴ ከመጻሕፍቱ ጋር ታየኝ። ያኔ አፌ የራሱን መንገድ ያዘ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ለገና ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ ላሊበላ መጣ ሲባል፣ ማንም አልመጣም ማለት ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ገናን ያላየ ሰው የለም። ያ ሁሉ ተሳላሚ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ፣ መርገጫ ሲጠፋ፣ በየቋጥኙ ሲያድር፣ የእኛ ሆቴል ደጃፍ ሳይቀር ሲሞላ ያላየ የለም። መጀመሪያ ዘበኛው ሳቀ። ከዚያ እትዬ ጥሩ ተነሡና፣ ያለፈውን ገና ድስት አጥቼ በባልዲ ወጥ የሠራሁት ማንም ሳይመጣ ነው እንዴ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ጓድ ተካልኝ እንደ ሥርዓቱ ማረጋገጫ ያስፈልጋል አለና ትምህርት ቤት ሰው ላከ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ትልቁን መዝገበ ቃላት በብብቱ ይዞ መጣ። ጓድ ተካልኝ ገጹን ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ፣ ቆመ። ለራሱ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ መጽሐፉን ለመምህሩ ሰጥቶ አንተ አንብበው አለው። መምህሩ ጮክ ብሎ አነበበና ተረጎመ፤ እጅግ ጠቃሚ፣ ዋጋው ከግምት በላይ የሆነ፣ ይላል አለ።

ጭብጨባውን ብትሰሙት። በዚያ ዘመን ጭብጨባ የታዘዘ ነበር፤ ይህኛውን ግን ማንም አላዘዘም። እትዬ ጥሩ እልል አሉ፣ ዘበኛው ባርኔጣውን ወረወረ። የድስት ማጠቢያ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቆሜ አለቀስኩ፤ የደስታ ልቅሶ ነው፣ አላፈርኩበትም። ጓድ ተካልኝ እስኪረጋጋ ጠብቆ፣ አሁን ግለ ሂስ የማደርገው እኔ ነኝ፣ ቃል ሳላጣራ የጓድን ስም አጉድፌአለሁ አለ። ይህን ለማለት ወንድነት ይጠይቃል፣ እስከ ዛሬም አከብረዋለሁ።

እርምጃውስ? ቀዩ ጽሑፍ አለ እኮ፣ ለበላይ መልስ መጻፍ አለበት። ተመከረ። በመጨረሻ ጓዲት ዝናሽ ከሰሃን ማጠቢያ ወደ እንግዳ መቀበያ እንድትዛወር ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል ተብሎ ተጻፈ። ከእንግዲህ ውኃ ውስጥ የማይነከር እጅ ይኖረኛል ማለት ነው። ያን ዕለት አባቴ ዜናውን ሲሰማ መጽሐፉን አጠፈው፤ እንዲህ ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ግን አዳራሹ ሳይበተን ድፍረት አግኝቻለሁና እጄን አወጣሁ። ሥራው ካደገ ደመወዙስ ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁ። ጓድ ተካልኝ ደብተሩን ከፈተ። ሦስተኛውን ሕግ ቀስ ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩ አሰመረበት፣ ከዚያ ቀና አለ።

«ጓዲት ዝናሽ፣ ዋጋሽ ሊተመን እንደማይችል በሦስት ብልት ከፍለሽ አስረድተሽናል፣ ጉባኤውም አጽድቆታል። ታዲያ እኔ ማን ነኝና ልተምነው? ደመወዝሽ ባለበት ይቀጥላል።»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። የተናገረውን ከፊቱም ከኋላውም ፈታሁት፣ ዘሩንም ያዝኩት። ስሕተት አጣሁበት።